የመኳኳያ ጠረጴዛ ብርጭቆዎች፦ ዋጋ ከመለጠፋችን በፊት

(በአባላት ስብሰባ ላይ በሽያጭ ጠረጴዛ ቡድን የቀረበ ንግግር)



እኛ እሑድ ጠዋት በካር ቡት ገበያ የማኅበሩን ጠረጴዛ የምንዘረጋ አራት ሴቶች ነን። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አሮጌ ብርጭቆ ነው። ለምን ስለ ብርጭቆ እንደሆነ እንዲገባችሁ ከስሕተታችን እንጀምራለን።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን አንዲት እናታችን ካርቶን ይዘውልን መጡ። ለብዙ ዓመት የተንከባከቧቸው እንግሊዛዊት አዛውንት ሲያርፉ ልጆቻቸው ለመታሰቢያ የሰጧቸው ዕቃ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሮዝ ብርጭቆ ነበር፦ አንድ ትሪ፣ ሁለት መቅረዝ፣ ክዳን ያላቸው ሦስት ሳህኖችና አንድ የቀለበት ማንጠልጠያ። "ቤቴ ጠባብ ነው፤ ለችግር ጊዜ ሣጥናችን ይሁን" አሉን። እኛም ትሪውን የኬክ ነው ብለን ለአንዱ፣ መቅረዞቹን ለሌላው፣ የቀረውን ለመጣው ሁሉ በሳንቲም ሸጥነው። ዕቃ ልንሰበስብ ስንል አንዲት ገዢ የቀረችውን አንዲት ሳህን አንስታ፣ "እኅቶቿስ የት አሉ? ይህ እኮ አንድ ስብስብ ነው" አለችን።

ለእናታችን ስንነግራቸው አልተቆጡም። "እኔስ አብረው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር" አሉ፣ ዝም አሉ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መማር የጀመርነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምንድን ነው? በተለይ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ቤቶች መኝታ ክፍል ውስጥ መስታወት ያለው የመኳኳያ ጠረጴዛ ነበር። በላዩ ላይ ትሪ፣ በትሪው ላይ ፓውደር፣ መርፌ ቁልፍና ቀለበት የሚቀመጥባቸው ትናንሽ ዕቃዎች ይደረደሩ ነበር። በሀገራችን ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ብርጭቆ አስቡ፤ ለብዙዎቹ ቤቶች ይህም እንደዚያ ያለ ክብር ነበረው። ስብስቦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር የላቸውም። አንዱ የቀለበት ማንጠልጠያ አለው፣ ሌላው የለውም። ስለዚህ ትሪ፣ ጥንድ መቅረዝና ክዳን ያለው ሳህን በአንድ ካርቶን ስታዩ አትለያዩአቸው።

ሁለተኛ፣ አሠራሩን በእጅ መለየት ይቻላል። የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጨመርና ከላይ በሌላ ብረት ይጫናል። ቅርጽ ማውጫው ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክፍሎች የተገጠመ ስለሆነ በውጭው በኩል ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ይተዋል። አንዳንዴ መስመሩ በጌጡ ማዕዘን ውስጥ ይደበቃልና በጣታችሁ ፈልጉት። በእጅ የተቆረጠ ክሪስታል ግን ጌጡ ስል ነው፣ ጣት ይይዛል። የተጫነው ብርጭቆ ጠርዙ ለስለስ ይላል። ይህን ሳናውቅ ሁሉንም "ክሪስታል" እንል ነበር።

ሦስተኛ፣ ማን ሠራው? በሰሜን እንግሊዝ ጌትስሄድ ከተማ ዴቪድሰንና ሳወርቢ፣ በሰንደርላንድ ጆብሊንግ፣ በዮርክሻየር ኖቲንግሊ ባግሊ የታወቁ ነበሩ። ከጀርመንና ከቼኮስሎቫኪያም ብዙ ይገባ ነበር። ሳወርቢ ከ1876 ጀምሮ የጣዎስ ራስ ምልክት ነበረው፤ ነገር ግን በ1930ዎቹ ስብስቦች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አይገኝም። ምልክት ስለሌለው ርካሽ ነው ማለት አይደለም። የዴቪድሰን "ክላውድ ግላስ" የሚባለው ከ1923 ጀምሮ የወጣ ሲሆን በብርጭቆው ውስጥ እንደ ደመና የሚንሳፈፍ ጠቆር ያለ ቀለም አለው፤ የአንዱ ደመና ከሌላው አይመሳሰልም።

አንዳንዱ ዕቃ ላይ አር እና ዲ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ቁጥር ታገኛላችሁ። ይህ የቅርጹ የምዝገባ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በ1884 ከአንድ ጀመረ፤ በ1930 ወደ 751 ሺህ፣ በ1940 ወደ 837 ሺህ ደርሶ ነበር። መዝገቦቹ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። ልብ በሉ፤ ቁጥሩ ቅርጹ የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ ዕቃው የተሠራበትን ቀን አይነግረንም። ተወዳጅ ቅርጽ ከተመዘገበ በኋላ ለብዙ ዓመት ይሠራ ነበር።

አራተኛ፣ ቀለም። አረንጓዴ ሁሉ ዩራኒየም ያለበት አይደለም። በጨለማ ውስጥ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ስታበሩበት ደማቅ አረንጓዴ ካበራ ዩራኒየም አለበት፤ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ደከም ያለ ብርሃን ግን ከማንጋኒዝም ሊመጣ ይችላል። ብርሃኑ የሠሪውን ስምም ሆነ ዕድሜውን አይነግርም።

አምስተኛ፣ እና ለእኛ ዋናው፣ ክዳኑ። ክዳን ይሰበራል፣ ሰው ከሌላ ስብስብ ያመጣና ይተካል። በቀን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ቀለሙ አንድ ነው? ጌጡ ይቀጥላል? ክዳኑ ሳይወዛወዝ ይቀመጣል? ጠርዙን በጥንቃቄ በጥፍር ዳስሱ፤ ሽራፊ ከዓይን በፊት በጥፍር ይታወቃል። ስታጥቡም ለብ ባለ ውሃ በእጅ ይሁን፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ብርጭቆውን ያደበዝዘዋል፤ የፈላ ውሃ ይሰነጥቀዋል።

በዚህ በኩልም ተሳስተናል። በበጋው አንድ አረንጓዴ ስብስብ "ዴቪድሰን ነው፣ ሙሉ ነው" ብለን ሸጥን። ከሌላ ሻጭ የሰማነውን ነበር የደገምነው። ገዢው በሳምንቱ ክዳኑን ይዞ መጣ፤ ክዳኑ የሌላ ስብስብ ነበር። ገንዘቡን መለስንለት፣ ይቅርታም ጠየቅን። ጨዋ ሰው ስለነበር አልጮኸብንም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በጠረጴዛችን ፊት ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም። በመጀመሪያው ስሕተት የማኅበሩን ገንዘብ አጎደልን፣ በሁለተኛው ስሙን። ገንዘብ በሚቀጥለው እሑድ ይገኛል፤ ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ አሁን ደንብ አውጥተናል። ማንኛውም ብርጭቆ በሁለት ሰው ሳይታይ ዋጋ አይለጠፍበትም። በወረቀቱ ላይ ያየነውን ብቻ እንጽፋለን፦ "ሮዝ፣ የተጫነ ብርጭቆ፣ አምስት ዕቃ፣ አንዱ ክዳን ትንሽ ተሸርፏል።" የሠሪውን ስም የምንጽፈው ቁጥሩ ወይም ምልክቱ ሲመሰክርልን ብቻ ነው። ሽራፊውን ገዢው ከማግኘቱ በፊት እኛ እናሳያለን።

ዕቃ የምትሰጡን ወዳጆቻችን፣ ከማን እንዳገኛችሁት የምታውቁ ከሆነ በቁራጭ ወረቀት ጻፉልን። እናቶቻችን፣ የምትንከባከቧቸው አዛውንቶች ስለ ዕቃቸው ሲያወሩ ጆሮ ስጡ፤ የዕቃው ታሪክ ከእነርሱ ጋር እንዳይቀር።

የቀረችውን ሮዝ ሳህን አልሸጥናትም። ለእናታችን መልሰን ሰጠናቸው፤ ዛሬ የመርፌ ቁልፋቸውን ያስቀምጡባታል። በሚቀጥለው እሑድ ጠረጴዛው ላይ እንጠብቃችኋለን።