የጉድጓዱን አፍ ክደኑ፤ ደብተሩን ክፈቱ

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቁጥር ለይታችሁ ወደ ሥራችሁ የተመለሳችሁ ሁሉ፣ የዛሬው ንግግራችን ለእናንተ ነው። በተለይም በቂርቆስና በካዛንቺስ በጋራዥ፣ በሆቴል፣ በማምረቻ ድርጅት ውስጥ ዘበኛ ወይም ፓምፕ አንቀሳቃሽ የሆናችሁ ወገኖች፣ ጆሮአችሁን ስጡን። የምንነጋገረው ስለ ድርጅት የውሃ ጉድጓድ አጠባበቅ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰው ከእንጦጦ ወደ ታች የሳበው ፍልውሃ መሆኑን ታውቃላችሁ። ፍልውሃ ከካዛንቺስ ሩቅ አይደለም። ያ ሙቅ ውሃ ከጥልቅ የሚወጣው በአለት ስንጥቅ ነው። እንግዲህ ከእግራችን በታች ያለው አለት ድፍን አይደለም ማለት ነው። በእንጦጦ ተዳፋት የወረደው ዝናብ ሰርጎ በስንጥቁ ቀስ እያለ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ያመራል። በአቃቂ ደግሞ ለከተማው ሕዝብ የሚከፋፈል ውሃ የሚቀዳባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ለመሆኑ በግቢያችሁ የተቆፈረው ጉድጓድ የማን ነው? ቧንቧውና ፓምፑ የድርጅቱ ነው። ውሃው ግን የሁሉም ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ድርጅት ጥልቅ ጉድጓድ ከማስቆፈሩ በፊት ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ጉድጓድ ውሃ ማውጫ ብቻ አይደለም፤ ቆሻሻም ማስገቢያ በር ሊሆን ይችላል። የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ከፈሰሰ በቧንቧውና በአለቱ መካከል እየሰረገ ይወርዳል። ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ናይትሬትም አለ። ናይትሬት በመልክም በጣዕምም አይታወቅም፤ ውሃውን ብታፈሉትም አይጠፋም። ጨቅላ ሕፃናትን ግን ክፉኛ ይጎዳል።

ምን እናድርግ? የጉድጓዱ ቧንቧ ከመሬት ከፍ ብሎ ይውጣ። ዙሪያው በሲሚንቶ ይደፈን፤ ወለሉም ዝናብ ወደ ውጭ እንዲፈስ ዘንበል ይበል። አፉ ይከደን፣ ይቆለፍ። የናፍጣ በርሜልና የባትሪ አሲድ በአጠገቡ አይቀመጥ። መጸዳጃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ቢቻል ጉድጓዱ ከመጸዳጃው በላይ፣ በከፍታው በኩል ይሁን።

በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። አሮጌ ግቢ ሲፈርስ የተረሳ የውሃ ጉድጓድ ሊገኝበት ይችላል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ስታዩ ፍርስራሽና ቆሻሻ አትጣሉበት፤ ለኃላፊው አመልክቱ። በንጹሕ አፈርና በጭቃ ተሞልቶ፣ አፉ በሲሚንቶ መታተም አለበት።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። ለምሳሌ አንድ ፓምፕ በሴኮንድ 3 ሊትር የሚያወጣ ቢሆንና በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ፣ 108,000 ሊትር ይቀዳል። ይህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 5,400 ነው! ይህን ያህል የሚወስድ ሰው ሂሳቡን መያዝ አይገባውም?

አንድ ደብተር ግዙና አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን፣ ፓምፑ የሠራበትን ሰዓት፣ የቆጣሪውን ንባብ፣ ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ያለበትን ጥልቀት፣ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ውሃው የወረደበትን ጥልቀት። ጥልቀቱ በሜትር ምልክት በተደረገበት ንጹሕ መለኪያ ገመድ ይለካል።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን አስተያዩ። ፓምፑ ሳይነሳ የሚለካው ውሃ ከዓመት ዓመት በዚያው ወር እየራቀ ከሄደ፣ የምትቀዱት ከሚተካው በልጧል፤ ሰዓት ቀንሱ እንጂ ፓምፑን ወደ ታች ለማውረድ አትቸኩሉ። ያ ልኬት ሳይለወጥ፣ በዚያው የቅጂ መጠን ውሃው ከቀድሞው ይልቅ የሚወርድ ከሆነ ግን ጉድጓዱ ራሱ ሳይደፈን አይቀርም፤ ባለሙያ ጠርታችሁ አስጠርጉት።

ወገኖች፣ ይህ መሐንዲስ ብቻ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ከ0 እስከ 9 የሚጽፍ ዘበኛ ይበቃዋል። ፊደል የቆጠርነው ስማችንን ለመፈረም ብቻ አይደለም። ውሃው ሳይርቅ አስቀድመን ለማወቅም ነው። ነገ ጠዋት ፓምፑን ከማስነሳታችሁ በፊት ለኩና የመጀመሪያውን ቁጥር ጻፉ።