ኢፍ፣ ዌን፣ አንለስ፦ ደመወዝ የሚያስቀሩ ትንንሽ ቃላት

(በዓርብ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ባለችን አንድ የዕረፍት ቀን፣ ከመዓዲም ከአርድ ኢል ሊዋም በሜትሮና በሚክሮባስ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ አላቆያችሁም።

የማወራችሁ ትምህርት ቤት መስተፃምር ይባሉ ስለነበሩት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። «ዩ ጎ ማርኬት» ብንል አሠሪዎቻችን ይገባቸዋል። ስሙ ቢሳሳት፣ ግሡ ቢሰበር ገምተው ይረዱናል። ሁለት ሐሳብ የምታያይዘዋን ቃል ካበላሸን ግን የሚረዱት ሌላ ነገር ነው። እኔ በደመወዜ ነው የተማርኳት።

መዓዲ አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ዘንድ ስሠራ የሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም። በአፍ ጠይቄ ጠይቄ ሲሰለቸኝ በስልክ መልእክት ጻፍኩ። በልቤ ያለው «ካልከፈልሽኝ አልመጣም» ነው። የጻፍኩት ግን «ኢፍ ዩ ፔይ ሚ፣ አይ ኖት ከም» የሚል ነበር። እስቲ ወደ አማርኛ መልሱት፦ «ከከፈልሽኝ አልመጣም»! ሴትዮዋ ገንዘቧን ስትይዝ ልትጠፋ ነው ብላ ጭራሽ ያዘችብኝ። እኔ ደግሞ እምቢ አለችኝ ብዬ ቤቴ ቁጭ አልኩ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ተኳረፍን። በኋላ አብራኝ የምትኖር እንግሊዝኛ የምትችል እህት መልእክቱን አይታ ጭንቅላቷን ያዘች። አስተካክላ ጻፈችልኝ፤ የአንዱ ወር ተከፈለኝ። ሁለተኛው እዚያው ቀረ፤ በቦታዬም ሌላ ሰው ገብታ ነበር። ዕዳው የሴትዮዋ ነው፤ ሰበቡን ግን እኔው ሰጠኋት።

ስህተቱ የመጣው ከየት መሰላችሁ? «ካልከፈልሽኝ» ውስጥ አፍራሿ «አል» ከግሡ ጋር ተጣብቃ ተደብቃለች። ስተረጉም «ከ»ን ይዤ «አል»ን ጣልኳት። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «ኢፍ ዩ ዶንት ፔይ ሚ፣ አይ ዊል ኖት ከም» ነው። ሁለተኛው «አይ ዊል ኖት ከም አንለስ ዩ ፔይ ሚ» ነው። ልብ በሉ፦ አንለስ በሆዷ «ካል»ን ይዛለች። ስለዚህ አንለስ ካላችሁ ዶንት አትጨምሩ፤ ከጨመራችሁ ነገሩ ተገልብጦ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ ትገባላችሁ።

ቀጥሎ ኢፍና ዌን። እኛ «ማዳም ከመጣች እነግራታለሁ» ስንል መምጣቷን እርግጠኛ ሆነንም ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ግን ኢፍ «ምናልባት» አለባት፤ ዌን ጊዜውን ብቻ ነው የምትጠብቀው። ስለዚህ ስለ ደመወዛችሁ ስትጽፉ «ዌን ዩ ፔይ ሚ» በሉ እንጂ «ኢፍ» አትበሉ። መከፈላችን ምናልባት አይደለማ! ስትሰሙም እንደዚሁ ነው። «ዌን አይ ጎ ቱ ዘ ባንክ» ያለችና «ኢፍ አይ ጎ ቱ ዘ ባንክ» ያለች እኩል ቃል አልገቡላችሁም።

ሦስተኛዋ ቢኮዝ ናት። አማርኛ ምክንያቱን ያስቀድማል፦ «ልጁ ስለታመመ ሐኪም ቤት ሄድን»። ይህን ቅደም ተከተል ይዘን ቢኮዝን መሀል ላይ ስንሰካት «ዘ ቦይ ወዝ ሲክ ቢኮዝ ዊ ወንት ቱ ዘ ሆስፒታል» ይሆናል። ምን አልን? «ልጁ የታመመው ሐኪም ቤት ስለሄድን ነው» አልን። ልጁን የወሰድነው እኛ ከሆንን ጥፋቱን በራሳችን አፍ ወሰድን ማለት ነው። ዓረብኛውን ቀድመን የለመድን ደግሞ ይብስብናል፤ የግብፆች «ዓሻን» ለ«ስለ»ም ለ«እንዲህ እንዲሆን»ም ታገለግላለችና። ዘዴው ይህ ነው፦ መጀመሪያ በአማርኛ በሉት፤ «ስለ» የተጣበቀችበትን ሐሳብ ፈልጉ፤ ቢኮዝን ከዚያ ሐሳብ ፊት አቁሟት። ምክንያቱን ማስቀደም ከፈለጋችሁ ደግሞ መሀሉ ላይ ሶ አስገቡ፦ «ዘ ቦይ ወዝ ሲክ፣ ሶ ዊ ወንት ቱ ዘ ሆስፒታል»።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። እኛ «ብታመምም ግን መጣሁ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ኦልዞ ካላችሁ ባት አትድገሙ፤ አንዷ ትበቃለች። ይህቺኛዋ እንኳ ብትሳሳቱ ደመወዝ አታስቀርም።

ይህን ሁሉ የምለው ለፈተና አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ የሥራ ሁኔታዋ በሚገባት መንገድ እንዲነገራት፣ ከተቻለም በጽሑፍ ውል እንዲሆን ይላል። ግብፅ ግን ይህን ስምምነት አላጸደቀችም። ከመካከላችን ውል በእጇ ያላት ስንቷ ናት? ለብዙዎቻችን ውላችን የስልክ መልእክት ነው። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ወደ አማርኛ መልሳችሁ አንብቡት፤ ከላካችሁም በኋላ አታጥፉት። ያልገባችሁን ደግሞ ሳታፍሩ «ዱ ዩ ሚን ኢፍ ኦር ዌን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለሚቀጥለው ዓርብ እያንዳንዳችሁ ከሥራችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ፦ አንድ በአንለስ፣ አንድ በዌን፣ አንድ በቢኮዝ። አብረን እናርማቸዋለን። እኔም የድሮዋን መልእክቴን አመጣለሁ፤ እስካሁን አላጠፋኋትም። በሉ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንነሳ።