ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም እንዳይረጋ

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሒሳቡ ከመሰማቱ በፊት ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው ስለፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ከሐኪሞችና ከነርሶች ጠይቄ በደብተሬ የያዝኩትን ነው።

የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች አንደኛው ነው። ከብቸናም ከሞጣም እናቶቻችንና እኅቶቻችን ለሕክምናው ወደ ባሕር ዳር፣ አልፎም አባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳሉ። ሁሉም የሚፈራው ቢላዋውን ነው። ቢላዋው ካለፈ በኋላ ስለሚመጣው ግን የሚያወራ የለም። ይኸውም በእግር ደም ሥር ውስጥ የሚረጋው ደም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካንሰር ራሱ ደምን ለመርጋት የቀረበ ያደርገዋል። ቀዶ ሕክምናው ሲጨመርበት፣ በሽተኛዋም ሳትንቀሳቀስ ስትተኛ፣ በባቷ ውስጥ ያለው ደም ይዘገይና ይረጋል። የረጋው ጓል ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ትንፋሽ ያጥራል፤ በድንገትም ይገድላል። ሩዶልፍ ቪርኾ የሚባል የጀርመን ሐኪም ይህን ካስረዳ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እውነቱን ለመናገር፣ በጡት ቀዶ ሕክምና ይህ አደጋ እንደ ሆድ ወይም እንደ ዳሌ ቀዶ ሕክምና የበዛ አይደለም። ግን ዕድሜዋ የገፋ፣ የወፈረች፣ ቀድሞ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ወይም ታሞክሲፈን የሚባለውን ክኒን የምትወስድ ከሆነች ከፍ ይላል። ስለሆነም የምትውጠውን መድኃኒት ሁሉ፣ የወሊድ መከላከያም ቢሆን፣ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ትንገር። ታሞክሲፈኑን ግን በራሷ እንዳታቋርጥ፤ ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጥ ነው። ሐኪሙ ካስፈለገ ሄፓሪን ወይም ኤኖክሳፓሪን የሚባል መርፌ ከሆድ ቆዳ ሥር ያስወጋታል። ቁስሉን ሊያደማ ስለሚችል ለሁሉም አይሰጥም።

ዋናው መከላከያ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ መነሣትና መራመድ ነው። የጠያቂ ነገር የሚያስቸግረው እኮ እዚህ ላይ ነው። አሥር አሥራ አምስት ሆኖ አልጋውን ይከብና «ተኚ፣ አትነሽ፣ ቁስሉ ይፈታል» ይላል። ፍቅር ነው፤ ግን ይጎዳል። ሐኪሙ ተነሺ ካላት፣ ወገቧን ደግፎ ኮሪደሩን የሚያዞራት አንድ ሰው ከ15 ጠያቂ ይበልጣል። ተኝታም ቢሆን ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይ ወደ ታች ታንቀሳቅስ፤ ውሃም ትጠጣ። ከአዲስ አበባ ስትመለስ አውቶቡሱ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ደጀን ሲቆም፣ ትውረድና ትራመድ።

አደጋው ከሆስፒታል በመውጣት አያልቅም፤ ለሳምንታት ይቆያል። በኛ አገር እግር አበጠ ሲባል ዝሆኔ ይታሰባል። ዝሆኔ ግን ብዙ ዓመት በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣ፣ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም እግር የሚይዝ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ያበጠ፣ ባቱ የሚያምና የሚሞቅ አንድ እግር ሌላ ነው። እንዲህ የሆነባት አንዲት ጎረቤታችን ነበረች። ዘመዶቿ በወጌሻ ሊያሳሿት ቅቤ አቅልጠው ሲጠብቁ፣ ልጇ እንቢ ብላ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደቻት። የረጋ ደም ተገኘና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተሰጣት። ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ እግር አይታሽም፤ ጓሉ ሊነቀል ይችላል። ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ወይም ደም ያለበት አክታ ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ነገ አይባልም።

ታዲያ ሌሊት መኪና የሚከራየው በምን ነው? እድራችን ለቀብር ድንኳንም ብርም አለው። ለበሽተኛ መኪና የሚሆን ብድር ግን በደንባችን ውስጥ የለም። ይኸው አንቀጽ እንዲጨመር ሐሳቤን በጽሑፍ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ፤ ከሒሳቡ ሪፖርት በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል።