የሚያስለው ሞተር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሮጌ የቤንዚን መኪና ነው። ከተከዜ ቆላ ወደ ሰቆጣ ዳገቱን ስትወጣ ሞተሯ ያስላል፤ ጉልበት ያጥራታል። የተሳፈረው በሽተኛ ከሆነስ?

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር አራት ሰው እንደሚሸከመው ቃሬዛ ነው። አንዱ ሲለግም ጭነቱ በሦስቱ ላይ ይወድቃል። ለጋሚው የትኛው ነው?

ሞተሩን እናጥፋ። የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅለን ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር እናስነካ። ከዚያ አስነስተን እናዳምጥ። ሳሉ ከባሰ ያ ሲሊንደር ደኅና ነው። ምንም ካልተለወጠ ሕመምተኛው እሱ ነው። እያጠፋን ሁሉንም በየተራ እንሞክር። ሞተሩ እየሠራ ገመድ አንንካ፤ ኤሌክትሪኩ ይመታል።

ሞተሩ ሲበርድ የሕመምተኛውን ካንዴላ ፈትተን እንየው። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ዘይት ካለበት የሞተሩ ውስጥ አርጅቷል። ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል። ሰቆጣ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በ5 እጅ 1 እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል።

ቀጥሎ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር እናለዋውጥ። ሕመሙ ተከትሎት ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። እዚያው ከቀረ ገመዱን እንመርምር።

ይህ ዘዴ ለናፍጣ ሞተር አይሆንም።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ያየነውንም 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለን እንጻፍ። እንዲህ ያደረገ ሰው ላልታመመ ዕቃ ገንዘቡን አያወጣም።