የዓይኔ ብሌን
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ አጭር ንግግር)



ባለፈው ወር ሂሳብ መዝጊያ ደርሶብኝ ሥራዬን ቤት ድረስ ይዤ ገባሁ። የአምስት ዓመት ልጄ አጠገቤ መጥታ፣ «እማዬ፣ ሚስ ‹ዩ አር ዘ አፕል ኦፍ ማይ አይ› አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ አፕል አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀና እንኳ ሳልል «እወድሻለሁ ማለቷ ነው» ብዬ ሸኘኋት።

ልጅቷ ከተኛች በኋላ ነገሩ ከነከነኝና ፈልጌ አነበብኩ። ለካ በጥንቱ እንግሊዝኛ የዓይን ብሌን ክብ ስለሆነ «አፕል» ይባል ነበር። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ዘዳግም 32፥10 ላይ ይኸው አባባል አለ፤ በእኛው መጽሐፍ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ «የዓይን ብሌን» ነው። የዕብራይስጡ ቃል «ኢሾን» «ትንሽ ሰው» ተብሎ ይፈታል። ፊት ለፊት የምናየው ሰው ብሌናችን ውስጥ ትንሽ ሆኖ ይታያላ!

ይህን ሳነብ አፈርኩ። ያን ማታ በእኔ ብሌን ውስጥ የነበረው የኮምፒውተሩ ቁጥር እንጂ ልጄ አልነበረችም። እናቴ እኔን «የዓይኔ ብሌን» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔ ግን ቃሉን ለልጄ አላወረስኳትም።

ጠዋት ፊቷ ተንበርክኬ «ዓይኔ ውስጥ ማን አለ?» አልኳት። አፍጥጣ አየችና «እኔ!» ብላ ጮኸች።

እህቶቼ፣ የምንሮጠው ለልጆቻችን ብለን ነው። የተሳሳተ ሂሳብ በሚቀጥለው ወር ይታረማል፤ ያለፈ ልጅነት ግን አይታረምም። ዛሬ ቤት ስንገባ ቀና ብለን እንያቸው።