ከራስ ላይ ወደ ጎማ፦ በአካባቢ ጋራዥ የሚሠራ የፒክ አፕ ተሳቢ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው በምሥረታ በዓል ቀን ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለተሸጠው ምርትና ስለተገኘው ትርፍ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ምርቱ ከማሳ ተነሥቶ መጋዘን በር ላይ እስኪደርስ ስላለው መንገድ ነው። በጋምቤላ ክልል በቆሎና ማሽላ ከማሳ ሲወጣ ብዙው በሰው ራስና ትከሻ ነው የሚጓጓዘው። ትልቁን ድርሻ የሚሸከሙትም ሴቶች ናቸው።

የሸክሙን ልክ በሂሳብ ማየት ይጠቅማል። አንዲት እናት 30 ኩንታል በቆሎ አመረተች እንበል። በአንድ ጊዜ 25 ኪሎ ግራም ብትሸከም አንዱን ኩንታል ለማድረስ 4 ጊዜ፣ ሁሉንም ለማድረስ 120 ጊዜ ትመላለሳለች። መጋዘኑ ከማሳው 2 ኪሎ ሜትር ቢርቅ በድምሩ 480 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ ከዚህ ውስጥ 240ውን ኪሎ ሜትር ሸክም ተሸክማ ነው። ይኸው ምርት 5 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ ቢጓጓዝ 6 ምልልስ ይበቃዋል። ማጓጓዙ ሲዘገይ ምርቱ ማሳ ላይ ዝናብ ያገኘዋል፣ ነቀዝ ይገባበታል። በዚህ የተጨነቀ አባል ደግሞ ማሳው ድረስ ለመጣ ነጋዴ በተጠየቀው ዋጋ ይሸጣል። በመሆኑም የማጓጓዣ ችግር የኅብረት ሥራ ማኅበሩም የህልውና ጉዳይ ነው።

1. ችግሩ አዲስ አይደለም

ጋምቤላ ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው በጭነት ምክንያት ነው። በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ የኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1949 ዓ.ም. ነው። መርከቡ ብዙ ኩንታል ይጭን ነበር፤ ቡናው ከጎሬና ከአካባቢው ደጋ እስከ ወደቡ የሚወርደው ግን በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ነበር። ዛሬም ከከተማው መንገድ ዳር ትልቅ የጭነት መኪና ይገኛል። የሚያስቸግሩት ከማሳ እስከ መንገዱ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው።

በሌሎች የሀገራችን ክፍሎች ይህንን ክፍተት የሞላው ጋሪ ነው። በየከተማው ያሉ በያጆችና አናጢዎች ከአሮጌ መኪና አክስልና ጎማ ጋሪ እየሠሩ ለአህያና ለፈረስ ማዋል ከጀመሩ ቆይተዋል። በጋምቤላ ቆላ ግን በባሮና በአኮቦ ሸለቆዎች ያለው የቆላ ዝንብ ገንዲ የተባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ የጋማና የቀንድ ከብት ለሥራ ማሰማራት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ፒክ አፕ ያለው ወይም በኪራይ ማግኘት የሚችል ማኅበር ከኋላው የሚጎተት ተሳቢ ቢያሠራ አንድ ዓይነተኛ መፍትሔ ይሆነዋል።

2. ከብረቱ በፊት ጭነቱን መወሰን

ብዙ ተሳቢዎች የሚበላሹት በያጁ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ስንት ኩንታል?” የሚለው ነው። 5 ኩንታል ማለት 500 ኪሎ ግራም ነው። የተሳቢው የራሱ ክብደት 200 ኪሎ ግራም ያህል ቢሆን በድምሩ 700 ኪሎ ግራም ይሆናል። በአውሮፓ የመንገድ ደንብ የራሱ ፍሬን የሌለው ቀላል ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም፣ እንዲሁም ከጎታቹ መኪና ግማሽ ክብደት እንዳያልፍ ተወስኗል። ለጋምቤላም ይህ ጥሩ መለኪያ ነው። “ትንሽ ቢጨመርበት ምን አለ?” ማለት ቁልቁለት ላይ መኪናውን ከኋላ የሚገፋ ጭነት ማዘጋጀት ነው።

ላሜራ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው 1 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ ስለሆነ የተሳቢውን ወለል በዚሁ ልክ ማድረግ ብክነትን ይቀንሳል። ወለሉ በእንጨት ከተሠራ ደግሞ ምስጥ እንዳይበላው ተሳቢው ሥራ በማይኖረው ጊዜ ድንጋይ ወይም ብረት ላይ ተነሥቶ መቆም ይኖርበታል።

3. አክስሉ የት ይቀመጥ?

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። አክስሉ ልክ መሐል ላይ ከሆነና ጭነቱ ትንሽ ወደ ኋላ ካዘነበለ፣ ፒክ አፑ ፍጥነት ሲጨምር ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት።

ለምሳሌ ወለሉ 2 ሜትር ከሆነና የመጎተቻው ክንድ ከወለሉ ፊት 1 ሜትር ከ20 ቢረዝም፣ አክስሉ ከወለሉ መሐል 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይገባል። ይህም ከፊት 1 ሜትር ከ25፣ ከኋላ 75 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የማኅበሩ የኩንታል ሚዛን ይበቃል። ተሳቢው ተጭኖ፣ ወለሉ ተስተካክሎ እንደቆመ የመጎተቻው ጫፍ ሚዛኑ ላይ ይቀመጣል። 700 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ተሳቢ ሚዛኑ 70 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ማሳየት አለበት። ካነሰ ጭነቱ ወደ ፊት ይገፋል።

4. አሠራሩ

ሀ. አክስልና ጎማ፦ ከጎታቹ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ጊዜ አንዱ መለዋወጫ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል፤ የተሳቢው ጎማም ፒክ አፑ በጭቃ ላይ ያወጣውን ዱካ ይከተላል። በብዙ ፒክ አፖች የኋላ ጎማውን የሚይዘው በአክስሉ ውስጥ ያለው ዘንግ ነው። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ዘንጉ ከወጣ ጎማውም አብሮ ይወጣልና ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ለ. ባሌስትራ፦ ከአክስሉ ጋር በቡሎን ይታሰራል እንጂ አይበየድም። ባሌስትራ በእሳት የጠነከረ ብረት ነው፤ ሲበየድ ጥንካሬውን ያጣና በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይሰበራል።

ሐ. የመጎተቻው ክንድ፦ ሁለት ብረቶች ፊት ለፊት ተገናኝተው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ብረቶቹ ወለሉ ፊት ላይ ማቆም የለባቸውም፤ ከሥሩ ገብተው እስከ ባሌስትራው ማሰሪያ ድረስ መሄድ አለባቸው። ወለሉ ጠርዝ ላይ ብቻ የተበየደ ክንድ ከዚያው ቦታ ይሰነጠቃል።

መ. ሰንሰለት፦ መጎተቻው ቢወልቅ ተሳቢውን የሚያስቀሩት ሁለት ሰንሰለቶች ናቸው። ከመጎተቻው ሥር ተመሳቅለው ይታሰራሉ፤ ያን ጊዜ የወደቀውን ክንድ መሬት ሳይነካ ይይዙታል።

ሠ. መብራት፦ የኋላ፣ የፍሬንና የፍሬቻ መብራት፣ እንዲሁም ቀይ አንጸባራቂ ያስፈልጋል። ማታ በጨለማ መንገድ ላይ የቆመ መብራት የሌለው ተሳቢ ወጥመድ ነው።

ረ. የበያጁ ጤንነት፦ ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ይመርዛል። ቅቡ ተፍቆ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ መበየድ አለበት።

ተሳቢው ተሠርቶ ሲያልቅ ወደ ሕዝብ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ለትራንስፖርት ቢሮ ቀርቦ መታየት ይገባዋል። በክረምት ኩሬና ጎርፍ ካቋረጠም ኩሽኔታው ውኃ እንዳልገባበት ይፈተሻል፤ ግራሶውም ይታደሳል።

5. ሰው አይጫንበትም

ይህ ለብቻው መነገር አለበት። ገበያ ውሎ የደከመ ሰው ባዶ ተሳቢ ሲያይ “አድርሰኝ” ማለቱ አይቀርም፤ ሾፌሩም ጎረቤቱን እምቢ ማለት ይከብደዋል። ነገር ግን ተሳቢው ፍሬን የለውም፣ መያዣ የለውም፣ ከኋላ የሆነውንም ሾፌሩ አያይም። ስለዚህ ክልከላው በሾፌሩ ይሉኝታ ላይ መጣል የለበትም። ጠቅላላ ጉባኤው ራሱ ይወስነው፤ በተሳቢው ጎንም ላይ ይጻፍ። ያን ጊዜ ሾፌሩ ጽሑፉን ያሳያል እንጂ ከዘመድ ጋር አይጣላም።

6. የማን ተሳቢ ነው?

ብረቱ ቢሠራም ዋናው ጥያቄ ይቀራል። በምርት ወቅት ሁሉም አባል በአንድ ሳምንት ይፈልገዋል። ተራ ካልተያዘ ለኮሚቴው ቅርብ የሆነ ሰው ቀድሞ ይጭናል፤ ወይም ተሳቢው ከተማ ውስጥ የነጋዴ ዕቃ ሲያመላልስ እናቶች እንደ ድሯቸው ይሸከማሉ። ይህ ከሆነ ማኅበሩ በአባላቱ ገንዘብ ለሌላ ሰው ተሳቢ ሠራ ማለት ነው።

በመሆኑም ከመጀመሪያው ብየዳ በፊት ሦስት ነገሮች በቃለ ጉባኤ ቢያዙ ይበጃል። አንደኛ፣ ተራው በመዝገብ እንዲያዝና በማኅበሩ በር ላይ እንዲለጠፍ፤ ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና ብቻቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶች እንዲቀድሙ። ሁለተኛ፣ አባሉ በኩንታል ጥቂት እንዲከፍል፤ ከዚያም ለጎማ፣ ለግራሶና ለጥገና የሚሆነው ተለይቶ እንዲቀመጥ። ሦስተኛ፣ ቡሎንና ሰንሰለቱን በየጉዞው የሚፈትሽ አንድ ኃላፊ በስም እንዲመደብ። የሁሉም የሆነ ዕቃ ጠባቂ ካልተሾመለት የማንም አይሆንም።

ማጠቃለያ

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው ተረት በኅብረት ሥራ ስብሰባ ላይ ሳይነገር ቀርቶ አያውቅም። እስከ ዛሬ ግን በብዙ ቀበሌዎች ሃምሳውም ሎሚ በአንዲት እናት ራስ ላይ እንዳለ ነው። አንድ አክስል፣ ሁለት ጎማ፣ ጥቂት ብረትና በትክክል የተያዘ መዝገብ ያንን ሸክም ሊያወርዱት ይችላሉ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጉዳዩ በአጀንዳ ተይዞ እንዲመከርበት፣ የወረዳ ኃላፊዎችም ለበያጆች ሥልጠናና ለተሳቢው ምርመራ ድጋፍ እንዲያደርጉ ጥሪ ይቀርባል።

መልካም የምሥረታ በዓል!