የመጨረሻው ችሎት

(የመግቢያ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ወልቂጤ አካባቢ ሁለት ጎረቤታሞች በእንሰት ማሳ ወሰን ተጣሉ እንበል። ሽማግሌዎች በጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ በየጆካ ቂጫ፣ ሊያስታርቋቸው ይቀመጣሉ። እርቁ ካልሰመረ ጉዳዩ ወረዳ ፍርድ ቤት ይገባል። ቅር ያለው ወገን ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ከዚያ በላይስ ማን አለ?

የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። ወልቂጤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ናት። በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 መሠረት በክልል ጉዳዮች የበላይና የመጨረሻ የዳኝነት ሥልጣን የዚህ ፍርድ ቤት ነው። አንቀጹ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣንም ደርቦ ይሰጠዋል።

የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንትና ምክትሉን በርዕሰ መስተዳድሩ አቅራቢነት፣ ሌሎቹን ዳኞች ደግሞ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በዚሁ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎትም አለ። ሰበር ሲባልስ ምን ማለት ነው? ሰበር ሁለተኛ ይግባኝ አይደለም። ምስክር ዳግም አይጠራም፤ ወሰኑም እንደገና አይለካም። ችሎቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻ በሆነው ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ተፈጽሟል ወይ?

ክርክሩ በሕገ መንግሥት ትርጉም ላይ ከሆነ ግን የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።

እንግዲህ አቤት ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ፦ ቅሬታችን በፍሬ ነገሩ ነው ወይስ በሕጉ?

(የመዝጊያ ሙዚቃ)